አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቀናተኛ

በአዲስ አበባ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ለሚኖሩ ጀማሪ የቴአትርና የአጭር ፊልም ጸሐፊዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ፍቅር፣ ብቸኝነትና ቅናት ተጠላልፈው ተመልካቹን እያሳቁ የሚያስጨንቁበት ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቦታው የምታውቁት ነው፤ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ በምሥራቅ በኩል አያት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነው፣ ከታክሲው ወዲያ ደግሞ አራት ፎቅ በእግር። እንዲህ ያለ ቦታ ለቅናት ታሪክ የሚሆነው ሁሉ አለው። ደረጃው አንድ ነው፣ የሁሉም በር ወደ አንድ በረንዳ ይከፈታል፣ ማን ወጣ ማን ገባ የሚለውን ለማወቅ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ይበቃል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ቅናትን ከፍቅር ይጀምራል፤ ሰውየው ወደደ፣ ሌላ ወንድ አየ፣ ቀና፣ ጮኸ። እንዲህ የተጻፈ ታሪክ በአምስተኛው ገጽ ላይ ትንፋሹ ያልቃል፤ ከጩኸት በኋላ ዱላ እንጂ ሌላ መሄጃ የለውምና። ቅናትን ረጅም ዕድሜ የሚሰጠው ብቸኝነት ነው። ብቸኛ ሰው ጊዜ አለው፣ የሚያነጋግረው የለውም፣ ስለዚህ ያያል፣ ያስታውሳል፣ ይቆጥራል። ሳቁ የሚመጣው ከቆጠራው ትክክለኛነት ነው። ጨለማው የሚመጣው ያን ሁሉ እንዲቆጥር ካደረገው ባዶ ቤት ነው። ጸሐፊው በቆጠራው ላይ ሰውን ማሳቅ ይችላል፤ በባዶው ቤት ላይ ግን ፈጽሞ ማሳቅ የለበትም።

ነገሩን በእጅ እንድትይዙት አንድ ታሪክ ከመሠረቱ አብረን እንገንባ። ሦስት ሰው ይበቃናል። አንደኛው አራተኛ ፎቅ የሚኖር ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛዋ አንደኛ ፎቅ ላይ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት ሴት ናት። ሦስተኛው ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ከሁለቱም በዕድሜ የሚያንስ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አራተኛ ሰው ካስፈለጋችሁ ጥበቃውን አስገቡ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ፤ ጎረቤት ሲበዛ ቅናቱ ወደ አሉባልታ ይለወጣል፣ ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው።

የጡረተኛውን ብቸኝነት በንግግር አታስረዱ። በወረቀትና በገንዘብ አሳዩት። ለቤት የተመዘገበው በ1997 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ሚስቱ ነበረች። ዕጣው እስኪወጣለት ከ10 ዓመት በላይ ጠብቋል፤ ሲወጣለት እሷ የለችም። ለሁለት የታሰበ ባለ አንድ መኝታ ለአንድ ሰው ደረሰ። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፣ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ዕድሩ ልደታ ቀርቷል፤ ወር በገባ እሑድ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ይዞ የድሮ ሰፈሩ ድረስ ሄዶ መዋጮውን ይከፍላል። ይህ ዝርዝር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ተመልካቹ ወዲያው የሚረዳው ነገር አለ። ይህ ሰው ዛሬ ማታ ቢሞት ድንኳን የሚተክልለት ሌላ ክፍለ ከተማ ነው ያለው።

ቀጥሎ ፍቅሩ። ፍቅሩን በምራቂ ጀምሩት። ጡረተኛው በየቀኑ ሁለት እንጀራ ይገዛል። አንድ ቀን ሴትዮዋ ሁለቱን ከጠቀለለች በኋላ ሦስተኛ ደርባ ‘ይቺን ደግሞ ለነገ ቁርስ ፍርፍር ያድርጓት ጋሼ’ ትለዋለች። ለእሷ የንግድ ወግ ነው፤ ደንበኛ ይመረቅለታል። ለእሱ ግን ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ነገ ጠዋት ምን እንደሚበላ ያሰበለት ሰው ኖሮ አያውቅም። እዚህ ትዕይንት ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሰፌዱ፣ የላስቲኩ ድምፅ፣ እንጀራው እንዳይታጠፍ በሁለት መዳፉ ይዞ አራት ፎቅ ሲወጣ። ወደ ቤቱ ገብቶ ሦስተኛዋን ከሁለቱ ለይቶ ሌላ ትሪ ላይ ሲያስቀምጣት ተመልካቹ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። እናንተ ግን የምትጽፉት በምልክት ደረጃ ብቻ ነው። እጁ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ፤ ‘በፍቅር ዓይን’ የሚል ቃል አትጻፉ።

ከሦስት ቀን በኋላ የቧንቧ ሠራተኛውም ምራቂ ሲሰጠው ያያል። ቅናቱ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ሠራተኛው ምንም አላደረገም፣ ሴትዮዋም ምንም አላደረገችም። ጥሩ የቅናት ታሪክ የሚነሳው ከንጹሕ ነገር ነው። እውነተኛ ክህደት ካለ ሰውየው ትክክል ይሆናል፣ ትክክል የሆነ ቀናተኛ ደግሞ አያስቅም፤ የተበደለ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ቆጠራው። የዚህ ታሪክ ሞተር እሱ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከፍተኛ ኃይል ይጠቀማል፤ የእሷ ምጣድ 3,500 ዋት ነው እንበል። ቆጣሪዎቹ በአንድ ሳጥን ተደርድረው በሚታዩበት ብሎክ፣ ሲወጣና ሲወርድ የእሷን ቁጥር ለማንበብ የሚከለክለው የለም። ምጣዱ ከጋለ በኋላ አንድ እንጀራ በሦስት ደቂቃ ያህል ይወጣል፤ በሰዓት 20 ማለት ነው። ስለዚህ አንድ እንጀራ 0.175 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ጡረተኛው ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው የምጣዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥርና የእጅ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በሁለት ጉብኝት ያገኛቸዋል። ከዚያ ደብተር ያወጣል። ፍሪጁንና አምፖሉን ይቀንሳል፤ ይህን መቀነሱን በመድረክ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩት፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ተመልካቹ ይደክመዋል።

በመጋገሪያ ቀን ቆጣሪው 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጨመረ። ለ0.175 ሲካፈል 43 እንጀራ ይሆናል። ከበረንዳው ላይ ሆኖ የተሸጠውን ቆጥሯል፤ ለሱቁ 25፣ ለቤት ደንበኞች 15፣ በድምሩ 40። ምራቂውም በዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። ሦስት እንጀራ ጎደለ። ማን በላው?

መልሱን አዳራሹ ውስጥ ያለች እንጀራ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ምጣድ ከመጋገሩ በፊት መጋል አለበት። 10 ደቂቃ ብቻ ቢግል እንኳ በዚያ ኃይል ወደ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም ከሦስት እንጀራ በላይ ነው። የጎደለው እንጀራ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ሰውየው ማጋያውን አያውቅም፣ ዕድሜ ልኩን እንጀራ የጋገረችለት ሚስቱ ስለነበረች። ቅናቱ የቆመበት ስህተት ራሱ ስለ ትዳሩ ይናገራል፣ ያውም ማንም ሳይናገረው። ተመልካቹ መልሱን አውቆ ገጸ ባሕርዩ ሳያውቅ ሲቀር የሚፈጠረው ሳቅ ረጅም ነው፤ በየመጋገሪያው ቀን ሦስቷ እንጀራ በጎደለች ቁጥር ይመለሳል። ስለዚህ ‘ምጣዱ እስኪግል ነው እኮ’ የሚል ገጸ ባሕርይ አታስገቡ። አንድ ሰው ከተናገረው አለቀ።

የመጋገሪያው ቀን ለታሪኩ የቀን መቁጠሪያም ይሆናችኋል። ሊጡ ተቦክቶ እስኪኮመጥጥ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፣ ከዚያ አብሲት ይጣልለታል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። እውነተኛዋ ነጋዴ ሁለትና ሦስት ዕቃ ሊጥ በተራ ታስቀምጣለች፤ ለመድረክ አንድ ዕቃ ይበቃል። በመጋገሪያዎቹ መካከል ያሉት ሦስት ቀናት ቅናቱም የሚቦካባቸው ናቸው። የምትጋግረው ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሌሊት የጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ስለማይሠራ መብራቱ አይደክምም። ይህን ምክንያት ለራሳችሁ ያዙት። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው የሚያውቀው የእሷ መስኮት በሌሊት 9 ሰዓት መብራቱን ብቻ ነው።

ስልክን በተመለከተ ባጭሩ። ቴሌግራም ላይ አንድ ምልክት መልእክቱ መላኩን፣ ሁለት ምልክት መነበቡን ያሳያል፤ ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ለትዕይንት አይበቃም። የሚጠቅማችሁ ሌላው ነው፤ የመጨረሻ የገባበትን ሰዓት የደበቀ ሰው የሌላውንም ሰዓት ማየት ይቀርበታል። ጡረተኛው ሌሊት ነቅቶ እንደሚጠብቃት እንዳታውቅበት የራሱን ሰዓት ይደብቃል፤ በዚያው ቅጽበት የእሷ ሰዓት ከፊቱ ይጠፋል። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ትዕይንት ነው፣ ንግግርም አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ስልክ አታብዙ። ስልክ የሚያይ ሰው ጀርባው ለተመልካች ባይሆንም ፊቱ ለተመልካች የለም።

ለምን አይጠይቃትም? ይህን ጥያቄ ተመልካቹ በአስረኛው ደቂቃ ላይ ይጠይቃል፣ መልስ ያስፈልጋችኋል። ‘ፈሪ ነው’ የሚለው መልስ ደካማ ነው። በዕድሜው ያለ ሰው ወግ ያውቃል፣ የሚልከው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ለመላክ ደግሞ ‘እናውቀዋለን፣ ጨዋ ነው’ ብለው የሚመሰክሩለት ሦስት ሰዎች ያስፈልጉታል። በብሎኩ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቁት ሰዎች ልደታ ነበሩ፣ ከፊሎቹ አልፈዋል፣ የቀሩት እሱ በማያውቀው ሌላ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል። አንድ ትዕይንት ላይ ጥበቃውን ‘ሽማግሌ ትሆነኛለህ?’ ብሎ ሊጠይቀው ተነስቶ በመጨረሻ የውሃ ፈረቃ መቼ እንደሆነ ጠይቆት ይመለስ። የታሪኩ እጅግ የሚያሳዝነው ትዕይንት ይህ ይሆናል ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ሙዚቃ አትልበሱት።

ሕጉም አያውቀውም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስትን ያውቃል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትንም ያውቃል፤ ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ይሆናል። በቀን ሁለት እንጀራ የሚገዛን ሰው የሚያውቅ አንቀጽ የለም። ጡረተኛው ምንም መብት በሌለበት ነገር ላይ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ይዟል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ጉድለት። ገጸ ባሕርዩን የሚጫወተው ተዋናይ ይህን ከተረዳ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። የመንግሥት ሒሳብ እንደሚመረምር ሰው ተረጋግቶ፣ በጨዋነት ይጠይቃል።

አጠራሩም ላይ ተጠንቀቁ። እሷ እሱን ‘ጋሼ’ እያለች በአንቱታ ታነጋግረዋለች፣ ሠራተኛውን ‘አንተ’ ትለዋለች። ሠራተኛው በዕድሜ ስለሚያንሳት ነው፤ ጡረተኛው ግን ቅርበት አድርጎ ይሰማዋል፣ እሱንም አንድ ቀን ‘አንተ’ እንድትለው ይመኛል። ጀማሪ ጸሐፊዎች በንግግር መሐል አንቱታውን ሳያስቡት ይጥሉታል። እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ ከሳታችሁ፣ ተመልካቹ በመካከላቸው የሆነ ነገር አለ ብሎ ይወስደዋል፣ ታሪኩም ይበላሻል። ሙሉውን ጽሑፍ ለዚህ ብቻ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት።

የቡናውን ትዕይንት መሐል ላይ አድርጉት። ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት ሦስቱም የሚገናኙበት ብቸኛው ቦታ ነው። እሷ ቡና ታፈላለች፤ ሁለቱ ወንዶች ተጠርተዋል። ጡረተኛው ከሠራተኛው ቀድሞ መነሳት አይችልም፣ ሁለቱን ትቶ መውጣት ይሆንበታል። ሠራተኛው ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ ቀድሞ መነሳት ነውር ነው ብሎ ያደገ ልጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ይቆያሉ፤ ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ቅናቱ እየወፈረ ይሄዳል። በአቦል ስለ ውሃ ፈረቃ ያውሩ፣ በቶና ስለ ኪራይ፣ በረካ ላይ ሠራተኛው ከልቡ፣ አክብሮ፣ ‘ጋሼ፣ ብቻዎን አይከብድዎትም?’ ብሎ ይጠይቀው። ጥያቄው ቅን ነው። ጡረተኛው እንደ ዛቻ ይሰማዋል። ሴትዮዋ ሲኒውን ታጥባለች። ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ ጆሮ። ይህን ትዕይንት በደንብ ከጻፋችሁ ተውኔቱ ቆመ ማለት ነው።

ሴትዮዋን ሽልማት አታድርጓት። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ሁለት ወንዶች ይፋለማሉ፣ ሴቲቱ ሰፌድ ይዛ ትጠብቃለች። የራሷ ጉዳይ ይኑራት። ሁለተኛ ምጣድ ለመግዛት ዕቁብ ገብታለች፣ ዕጣው እስኪደርሳት ትጠብቃለች፣ ጤፍ በተወደደ ቁጥር ስንት እንጀራ በስንት እንደምትሸጥ ታሰላለች። እሷም ቆጣሪ ናት፤ እንዲያውም ከእሱ ይልቅ ትክክል የምትቆጥረው እሷ ናት። ብቸኝነቷም የራሷ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ፣ ቀን ሸጣ፣ ማታ የሚያወራት ሰው ብትፈልግም በተቀመጠችበት እንቅልፍ ይወስዳታል። ለብቻዋ አንድ ትዕይንት ስጧት፤ እየጋገረች፣ ማንንም ሳትናፍቅ፣ የሊጡን ውፍረት በማንኪያ እያየች። ስለ ወንዶቹ አንድ ቃል አትናገር።

ወደ ታሪኩ ሦስተኛ ክፍል እንግባ፤ ቀናተኛው የሚፈራውን ነገር በገዛ እጁ የሚሠራበት። ጡረተኛው ማረጋገጥ ይፈልጋል። የእሷ ውሃ ቢበላሽ ሠራተኛውን ትጠራዋለች፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይለካል። ስለዚህ ምድር ቤት ካለው የውሃ ቆጣሪ አጠገብ የእሷን መስመር መዝጊያ ይዘጋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት ስህተት አለ፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ‘ውሃዬ ተቋረጠ!’ ብላ ትወጣለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አይሆንም። ውሃ ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም፣ ሮቶው ወይም ጀሪካኑ ይቀዳል፣ ‘ነገ ይመጣል’ ይባላል። መዝጊያው ተዘግቶ ሁለት ቀን ልብ የሚለው ሰው የለም። ይህን ችግር አትሽሹት፣ ተጠቀሙበት። ጡረተኛው ሰዓቱን ይዞ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ይጠብቃል፤ ማንም አይመጣም። በሦስተኛው ቀን ፈረቃው ደርሶ ለሌላው ሁሉ ውሃ ሲመጣ ለእሷ ይቀራል፣ ያኔ ሠራተኛው ይጠራል። መዝጊያውን አይቶ ይከፍተዋል፤ ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው። እሷ ግን ‘ደክመህ ገብተህ’ ብላ እንጀራ ታቀርብለታለች፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ግማሽ ሰዓቱ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ይዘጋል፤ ሠራተኛው ሁለተኛ ጊዜ ይጠራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ይበላል። ሴትዮዋና ሠራተኛው የተቀራረቡት በጡረተኛው እጅ ነው። ሦስተኛ ጊዜ መዝጊያውን በኃይል ሲያዞረው መገጣጠሚያው መንጠባጠብ ይጀምራል። እንዳይነቃበት ውሃ በሌለበት ሌሊት ወርዶ፣ ፈትቶ፣ ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ጥቅል፣ ቴፍሎን፣ ጠምጥሞ መልሶ ያስረዋል። ቴፍሎን የሚጠመጠመው የቧንቧውን ጥርስ ከጫፉ በኩል ፊት ለፊት ሲያዩት ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፣ ሲጠብቅ አብሮ እንዲጠብቅ። በተቃራኒው ከተጠመጠመ፣ መገጣጠሚያው በጠበቀ ቁጥር ቴፍሎኑ እየተፈታ ይወጣል። ጡረተኛው በተቃራኒው ጠመጠመው። መስመሩ ደረቅ ስለሆነ ሌሊቱን ምንም አልታየም። ንጋት ላይ ፈረቃው ሲደርስ ውሃው ከመገጣጠሚያው እየረጨ ምድር ቤቱን ያጥለቀልቃል። ብሎኩ ሁሉ ባሊና ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ደስታ ይሁን፣ ውሃ ነው። ጡረተኛውም በነጠላ ጫማ እየሮጠ ይወርዳል፣ የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይሰበራል።

ሠራተኛው መገጣጠሚያውን ሲፈታ የተገላበጠውን ቴፍሎን ያያል። ሙያተኛ እንዳልነካው ወዲያው ይገባዋል። ማን እንደነካውም ይገባዋል። ዝም ይበል። ለምን ዝም እንዳለ በንግግር አታስረዱ፤ ቴፍሎኑን አጣጥፎ ኪሱ ይክተተው፣ ተዋናዩ ፊቱን ለተመልካች አዙሮ። ተመልካቹ ከዚህ በፊት የቴፍሎን አጠማጠም ካላየ ይህ ያመልጠዋል፣ ስለዚህ ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያው ጥገና ላይ፣ ሠራተኛው ለጥበቃው ልጅ ‘እንዲህ ነው የሚዞረው፣ እንዲያ ካዞርከው ይፈታብሃል’ ብሎ ያሳየው። ሁለት መስመር ይበቃል።

አንድ ወሰን አለ፣ እሱን በግልጽ እንናገራለን። የጡረተኛው እጅ ቧንቧ ላይ እስካለ ድረስ ሳቅ ይቻላል። እጁ በእሷ ላይ፣ በበሯ ላይ፣ በስልኳ ላይ ያረፈ ዕለት ሳቁ መቆም አለበት፣ እናንተም ማቆም አለባችሁ። በዚህች ከተማ በቅናት ስም አሲድ ፊታቸው ላይ የተደፋባቸው ሴቶች አሉ፤ ከተመልካቾቻችሁ መካከል የተደበደበች ሴት የለችም ብላችሁ መነሳት አትችሉም። ስለዚህ ዛቻን ለሳቅ አታውሉ፣ ቢላዋ እያሳዩ አታስቁ፣ ‘ስለሚወዳት ነው’ የሚል መስመር ለማንም ገጸ ባሕርይ አትስጡ። ጡረተኛው ራሱ መስመሯን ሲዘጋ ቀላል ነገር እያደረገ አይደለም፤ ውሃ የነፈጋት በሊጥ የምትተዳደር ሴትን ነው። አንድ ትዕይንት ላይ ውሃ አጥታ ሊጥ ሳታቦካ ስትቀር፣ የዕቁቧንም ሳትከፍል ስትቀር እናሳይ። ተመልካቹ ከዚያ በኋላም ይስቃል፣ ግን በሌላ ሳቅ።

መጨረሻው ላይ ክርክር አለ። ብዙ ጸሐፊ ጡረተኛውን ይገድለዋል። አትግደሉት። እኛ ‘ሙት ወቃሽ አያድርገኝ’ ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ድንኳን ከተተከለ፣ ንፍሮ ከተቀቀለ በኋላ ተመልካቹ ሟቹን መመዘን ይተዋል። ያደረገው ሁሉ በለቅሶው ይሸፈናል። ሕይወቱን ስጡትና ውጤቱን ይኑረው። እግሩ በጄሶ ታስሯል፣ ስድስት ሳምንት ያህል አራት ፎቅ መውጣት አይችልም፣ ሊፍት የለም፣ ዕድሩ ልደታ ነው። የት ይተኛል? ምድር ቤት ያለችው ክፍል የሠራተኛው ናት። ሠራተኛው አልጋውን ይለቅለታል፣ ራሱ ፍራሽ ዘርግቶ መሬት ይተኛል። ሴትዮዋ በየቀኑ እንጀራ ይዛ ወደ ሠራተኛው ክፍል ትገባለች። ጡረተኛው ያን ሁሉ ደብተር የጻፈው ይህ እንዳይሆን ነበር፤ አሁን ምክንያቱ እሱ ነው። የምትመጣው ለማን ነው? እናንተም አትወስኑ፣ ለሴትዮዋም እንድትወስን አታስገድዷት። ሦስት እንጀራ ትሪው ላይ ታስቀምጣለች፣ ጡረተኛው ከልምዱ ይቆጥራል፤ ሦስት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳቡ አይጎድልም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያውቅም። በዚህ ላይ መብራቱ ይጥፋ።

ስለ አዘገጃጀቱ የቀሩ ጥቂት ነገሮች። መድረክ ላይ እውነተኛ ምጣድ አታግሉ። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ የአዳራሽ ማከፋፈያ ገመድ ይህን አይችልም፣ ወይ ይጠፋል ወይ ይቀልጣል። ምጣዱ ሳይሰካ ይቀመጥ፣ እንጀራው ቀድሞ ተጋግሮ ከአክንባሎው ሥር ይደበቅ፣ ተዋናይዋ በሰፌድ ታውጣው። ጣቷ ግን መሰልጠን አለበት፤ ሊጥ አዟዙራ የማታውቅ ተዋናይ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ባሉ ሴቶች በአምስት ሰከንድ ትታወቃለች፣ ከዚያ በኋላ የምትናገረውን አያምኗትም። ዕጣን በተዘጋ አዳራሽ አታጭሱ፣ በበረካው ትዕይንት ላይ ሳል ይነሳል፣ ያ ትዕይንት ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አታሳዩ፣ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል።

ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ጽሑፉን እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ ሁለት ሦስት ሴቶችና ለአንድ የቧንቧ ሠራተኛ አንብቡላቸው። ስለ ፍቅሩ አትጠይቋቸው፤ ስለ ምጣዱ፣ ስለ ሊጡና ስለ ቴፍሎኑ ጠይቋቸው። እዚያ ላይ ያረሙትን ሁሉ አርሙ፣ የሳቁበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ዝም ያሉበትን ደግሞ እንደገና ጻፉት። ጊዜያቸውንም ክፈሏቸው።